ዝም ያለ ሴንሰርና ዝምታውን ያላወቀ ሮቦት



በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው በትርፍ ጊዜያችን ሮቦት የምንሠራ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚገጥመንን ችግር ነው። በሁለት ጎማ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆም ሮቦት ጠረጴዛ ላይ ደህና ሲሠራ ይቆይና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ መልስ መስጠት ያቆማል። ሮቦቱ ወይ ባለበት ይወድቃል፣ ወይ ጎማዎቹ በኃይል እየዞሩ ከጠረጴዛው ላይ ይወረወራል። አጥፍተን ስናበራው እንደገና ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው ነው።

በዚህ ጊዜ የተለመደው ፍርድ «ሴንሰሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ቀጥሎ ገንዘብ ይዋጣና ሌላ ይገዛል። አዲሱ ተገጥሞ ያው ችግር ሲደገም «ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው» ይባልና ፕሮጀክቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የተቃጠለ ሴንሰር አጥፍቶ በማብራት አይነሣም። ተነሥቶ ከሠራ በሕይወት አለ ማለት ነው፣ ችግሩም ያለው ሌላ ቦታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እንሞክራለን። አንደኛ፣ የሴንሰር ዝምታ አንድ ዓይነት አይደለም። አራት ዓይነት መልክ አለው፣ እያንዳንዱም የሚጠቁመው ቦታ የተለያየ ነው። ሁለተኛ፣ ከሴንሰሩ ዝምታ ይልቅ የሚያስፈራው ዝምታውን ያላወቀ ፕሮግራም ነው። ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

ሴንሰሩን እንወቀው

ለምሳሌ የምንወስደው በተማሪ እጅ በብዛት የሚገኘውን ኤምፒዩ-6050 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጂዋይ-521 በምትባል ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ ይሸጣል። በውስጡ ሁለት መለኪያዎች አሉ። አክስለሮሜትሩ የመሬት ስበትን ጨምሮ የፍጥነት ለውጥን በሦስት አቅጣጫ ይለካል። ጃይሮስኮፑ ደግሞ የመዞር ፍጥነትን በሦስት አቅጣጫ ይለካል። ሮቦቱ ምን ያህል እንደዘመመ የሚያውቀው የሁለቱን ንባብ አጣምሮ ነው።

ለምርመራ የሚጠቅሙን ጥቂት ቁጥሮች አሉ። አክስለሮሜትሩ በመነሻ አቀማመጡ ከ-2 እስከ +2 ጂ ሲለካ፣ አንድ ሙሉ የመሬት ስበት 16,384 ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ሰሌዳዋን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን ብናስቀምጣት፣ ወደ ላይ የሚያመለክተው አቅጣጫ ወደ 16,384 የሚጠጋ፣ ሁለቱ ሌሎች አቅጣጫዎች ደግሞ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ቁጥር ሊሰጡን ይገባል። ጃይሮስኮፑ እስከ 250 ዲግሪ በሰከንድ በሚለካበት አቀማመጥ፣ አንድ ዲግሪ በሰከንድ 131 ሆኖ ይነበባል።

ሴንሰሩ ከአርዱዪኖ ጋር የሚነጋገረው አይቱሲ በሚባለው ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ የፊሊፕስ ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን የሚጠቀመው ሁለት የመልእክት ሽቦዎችን ብቻ ነው። ኤስዲኤ መረጃውን፣ ኤስሲኤል ደግሞ የሰዓቱን ምት ያስተላልፋሉ። በአርዱዪኖ ኡኖ ላይ ኤ4 እና ኤ5 ናቸው። በዚህ ዘዴ ሽቦውን ወደ ዜሮ ቮልት መሳብ ሁሉም ይችላል፤ ወደ ላይ የሚመልሰው ግን በሰሌዳው ላይ ያለው ሬዚስተር ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ሽቦውን ወደ ታች ይዞ ካልለቀቀ ሌላው መናገር አይችልም። ይህን እንያዘው፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ጠባይ አለው። ኤምፒዩ-6050 ኃይል ሲያገኝ የሚነሣው ተኝቶ ነው። መለካት የሚጀምረው ቁጥር 107 በሆነው ሬጅስተሩ ላይ ዜሮ ጽፈን ስንቀሰቅሰው ነው። ፕሮግራማችን ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከሚገጥሙን ችግሮች አንዱ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ምርመራ ከመጀመራችን በፊት ሮቦቱን አንድ ነገር ላይ ደገፍ አድርገን ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲሆኑ እናድርግ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአርዱዪኖ ላይ የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነው ምት የሚወጣው ከቺፑ ውስጥ ካለ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ላይ ቢቸነከርም ሰዓት ቆጣሪው ሥራውን አያቆምም። ሞተሩ መጨረሻ በተሰጠው ትእዛዝ መዞሩን ይቀጥላል። ያ ትእዛዝ «ሙሉ ኃይል ወደ ፊት» ከነበረ ሮቦቱ የሚያስቆመው ነገር እስኪያገኝ ድረስ ይሄዳል። የጠረጴዛው ጠርዝ፣ የሰው እግር፣ ወይም አጠገቡ የተቀመጠ ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል። የሊቲየም ባትሪ የያዘ ሮቦት ወድቆ ሽቦዎቹ ቢገናኙ ደግሞ ጉዳቱ ከስብራት ያልፋል። ስለዚህ ባትሪውን በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ እጃችን በሚደርስበት ቦታ ይኑር።

ሲቆም ቶሎ አታጥፉት

ሴንሰሩ መልስ ሲያቆም እጃችን ወዲያው የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው። ሞተሩን ብቻ ቆርጠን የቀረውን እንዳለ እንተወው። አጥፍተን ስናበራ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። በቆመበት ሁኔታ ሳለ የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ራሱ እየሠራ ነው? ይህን ለማወቅ በፒን 13 ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በየግማሽ ሰከንዱ ብልጭ እንድትል ዋናው ዙር ውስጥ አስቀድመን እንጻፍ። መብራቷ የፕሮግራሙ የልብ ምት ናት። ብልጭታው ከቆመ ፕሮግራሙ ቆሟል።

ሁለተኛ፣ የአይቱሲ ላይብረሪው ምን ይላል? ዋየር የሚባለው ላይብረሪ መልእክት ልኮ ሲጨርስ አንድ ቁጥር ይመልሳል። 0 ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። 2 ከሆነ በተጠራው አድራሻ «አቤት» ያለ የለም። 3 ከሆነ አድራሻው መልስ ሰጥቶ መረጃውን ግን አልተቀበለም። 5 ከሆነ ጊዜው አልፏል። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ቁጥር ሳያነቡት ያልፋሉ። እኛ ግን ስክሪን ላይ እናትመው።

ሦስተኛ፣ የሚነበቡት ቁጥሮች ምን ይመስላሉ? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ዝምታውን ከአራቱ በአንዱ ውስጥ መመደብ እንችላለን።

አንደኛው ዝምታ፦ ፕሮግራሙም አብሮ ሲቆም

የልብ ምቷ መብራት ቆማለች፣ ስክሪኑም አዲስ መስመር አያወጣም። ይህ ብዙውን ጊዜ የመልእክት መስመሩ መታነቁን ያሳያል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ሴንሰሩ መረጃ እየላከ ሳለ ከሞተሩ የመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሰዓቱን ምት ያዛባዋል። አርዱዪኖ ስምንት ምት የላከ ሲመስለው ሴንሰሩ ሰባት ብቻ ይቆጥራል። ሴንሰሩ የቀረችውን አንዲት ምት እየጠበቀ ኤስዲኤን ወደ ታች ይዞ ይቀመጣል። አርዱዪኖም ሽቦው እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ሁለቱም እየተጠባበቁ ማንም አይናገርም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሮቦቱ በቆመበት ሁኔታ መልቲሜትር ይዘን በኤስዲኤና በግራውንድ መካከል፣ ከዚያም በኤስሲኤልና በግራውንድ መካከል እንለካ። ጤነኛ መስመር ሥራ ሲፈታ ሁለቱም ሽቦዎች ወደ 3.3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያሉ። ኤስሲኤል ከፍ ብሎ ኤስዲኤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሴንሰሩ መስመሩን ይዞታል ማለት ነው። ሌላም ምልክት አለ። የአርዱዪኖን የሪሴት ቁልፍ ስንጫን ካልተስተካከለ፣ ኃይሉን ነቅለን ስንሰካው ግን ከተስተካከለ፣ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል። የሪሴት ቁልፉ አርዱዪኖን እንጂ ሴንሰሩን አያስነሣም።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ ፕሮግራሙ ለዘላለም እንዳይጠብቅ ማድረግ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው የዋየር ላይብረሪ ውስጥ የጥበቃ ጊዜን የሚገድብ ትእዛዝ ገብቷል፤ ሴት ዋየር ታይምአውት ይባላል። ይህ ትእዛዝ ግን ካልተጠራ በራሱ አይሠራም። መነሻ ጊዜው 25,000 ማይክሮሰከንድ ሲሆን ይህ ለሚዛን ሮቦት ረጅም ነው። ዙሩ በሰከንድ 200 ጊዜ የሚሠራ ከሆነ 25,000 ማይክሮሰከንድ የአምስት ዙር ጊዜ ይበላል። 14 ባይት ማንበብ በ400 ኪሎኸርዝ ከግማሽ ሚሊሰከንድ በታች ስለሚወስድ፣ ገደቡን 3,000 ማይክሮሰከንድ ብናደርገው ይበቃል።

ሁለተኛው፣ ሴንሰሩ የያዘውን ሽቦ ማስለቀቅ ነው። ኤስዲኤን ነጻ ትተን ኤስሲኤልን እስከ ዘጠኝ ጊዜ ዝቅና ከፍ እናደርጋለን። ሴንሰሩ የቀረውን ምት አግኝቶ መልእክቱን ይጨርስና ሽቦውን ይለቃል። ከዚያ የማቆሚያ ምልክት ሰጥተን ላይብረሪውን እንደገና እናስጀምራለን። ዘጠኝ የሆነው አንድ ባይት ስምንት ቢትና አንድ የማረጋገጫ ቢት ስላለው ነው።

ሁለተኛው ዝምታ፦ «አቤት» የሚል ሲጠፋ

መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ ላይብረሪው ግን 2 ቁጥርን ደጋግሞ ይመልሳል። የሚነበቡት ቁጥሮች ሁሉ -1 ሆነዋል። ይህ -1 ከሴንሰሩ የመጣ አይደለም። የሚነበብ ነገር ሲጠፋ ላይብረሪው የሚሰጠው ምልክት ነው።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦ ነው። የጂዋይ-521 ሰሌዳ ሲሸጥ ፒኖቹ ብዙ ጊዜ ለብቻ ሆነው ይመጣሉ። ሳይበየዱ በቀዳዳው ውስጥ እንዲሁ ከተሰኩ ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ፤ ሮቦቱ ሲንቀጠቀጥ ግን ይላቀቃሉ። ብሬድቦርድና ጃምፐር ሽቦም ለመማሪያ እንጂ ለሚንቀጠቀጥ አካል አልተሠሩም። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን እያተመ ሳለ እያንዳንዱን ሽቦ በየተራ በጣታችን ቀስ ብለን እንነቅንቀው። የትኛው ሲነካ ንባቡ እንደሚቋረጥ እናያለን። ሁለት ሽቦ ባንድ ጊዜ አንንካ፤ የትኛው እንደሆነ አናውቅምና።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አድራሻው ነው። ኤዲ-ዜሮ የተባለው ፒን ወደ ግራውንድ ሲያያዝ አድራሻው 104 ነው፤ ወደ 3.3 ቮልት ሲያያዝ 105 ይሆናል። በሄክሳዴሲማል 68 እና 69 ናቸው። ይህ ፒን ያልተረጋጋ ግንኙነት ካለው ሴንሰሩ አንዴ በ104፣ አንዴ በ105 ሊገኝ ይችላል። ፒኑን በሽቦ ከግራውንድ ጋር አጥብቆ ማሰር ይህን ጥርጣሬ ይዘጋዋል።

ሦስተኛው ዝምታ፦ ሁሉም ዜሮ ሲሆን

ይህኛው ከሁሉም አታላይ ነው። መብራቷ ትሠራለች፣ ላይብረሪው 0 ይላል፣ ማለትም ሁሉም ደህና ነው። የሚነበቡት ስድስቱ ቁጥሮች ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ናቸው። የሴንሰሩን ሙቀት በተለመደው ቀመር አስልተን የምናትም ከሆነም 36.53 ዲግሪ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ የጥሬው ቁጥር ዜሮ መሆን የሚሰጠው ውጤት ይህ ነውና።

የሆነው ይህ ነው። የሴንሰሩ ኃይል ለአፍታ ተቋርጧል ወይም በጣም ወርዷል። ሴንሰሩ ተነሥቷል፣ ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳልነው የተነሣው ተኝቶ ነው። አርዱዪኖ ኃይሉ ስላልተቋረጠ ምንም አላወቀም። የመቀስቀሻውን ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ ሰጥቷልና አሁን አይደግመውም። ሴንሰሩ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ የሚመልሰው ግን ያልለካውን ነው።

አደጋው የት ላይ ነው? ሮቦቱ ዝንባሌውን የሚያሰላው ከአክስለሮሜትሩ ሁለት አቅጣጫዎች ነው። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ስሌቱ ዜሮ ዲግሪ ይላል። ጃይሮስኮፑም መዞር የለም ይላል። ለፕሮግራሙ ዜሮ ዲግሪ ማለት ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ስለዚህ ሮቦቱ በፊቱ እየተደፋ ሳለ ፕሮግራሙ «ፍጹም ሚዛን ላይ ነኝ» ብሎ ያምናል።

ይህን ውሸት የሚያጋልጥ ምስክር ግን አለ፤ እሱም የመሬት ስበት ነው። መሬት ላይ የቆመ ወይም የሚሄድ ሮቦት ከስበት ነጻ አይሆንም። የሦስቱን አቅጣጫዎች ቁጥር እያንዳንዱን በራሱ አባዝተን ደምረን ሥሩን ብናወጣ፣ ሮቦቱ ረጋ ባለ ጊዜ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዘም ወደ 16,384 የሚጠጋ ውጤት እናገኛለን። ሦስቱም አንድ ላይ ዜሮ ሆነው ለተወሰኑ ዙሮች ከቀጠሉ የሚናገረው ሴንሰሩ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሞተሩን አቁሞ ሬጅስተር 107 ላይ ዜሮ እንደገና መጻፍና የቀሩትን አቀማመጦች መመለስ ነው። ሴንሰሩ ነቅቶ መለካቱን ከቀጠለ ምርመራችን ወደ ኃይል ሽቦው ይዞራል።

አራተኛው ዝምታ፦ ቁጥሩ ሲደርቅ

ቁጥሮቹ ዜሮም -1ም አይደሉም፤ የሚታመኑ ይመስላሉ። ነገር ግን አይለወጡም። ሮቦቱን በእጃችን ብናጋድመው እንኳ ያው 1,240 ከሆነ ያው 1,240 ነው። ሕያው ሴንሰር ጠረጴዛ ላይ በጸጥታ ቢቀመጥም የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሽቅብ ቁልቁል ማለታቸው አይቀርም። ፈጽሞ የማይነቃነቅ ቁጥር የአሮጌ ንባብ ቅጂ ነው።

አንደኛው ምክንያት፣ ንባቡ ሳይሳካ ሲቀር ፕሮግራሙ የድሮውን ቁጥር ይዞ መቀጠሉ ነው። የተመለሰውን ባይት ብዛት ሳያረጋግጥ የሚያልፍ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ሁለተኛው፣ በሴንሰሩ ውስጥ ያለውን የስሌት ክፍል የምንጠቀም ከሆነ የሚገጥመን ነው። ውጤቱ የሚጠራቀምበት ቦታ 1,024 ባይት ብቻ ይይዛል። አንዱ ጥቅል 42 ባይት ሆኖ በሰከንድ 100 ጥቅል ቢመጣ፣ ሳይነበብ ሩብ ሰከንድ ሲሞላው ቦታው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ጥቅሎቹ ከመካከል ስለሚቆረጡ ንባቡ ይዛባል ወይም ይቆማል። ስለዚህ በዋናው ዙር ውስጥ ረጅም «ዲሌይ» አንጻፍ፤ ቦታው መሙላቱን የሚያሳየውን ምልክት እየተመለከትን ሲሞላ ባዶ እናድርገው።

ሥሩን ፍለጋ

እስከ አሁን ያየነው ዝምታው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ሽቦው ለምን ታነቀ? ኃይሉ ለምን ተቋረጠ? የሚለው ይቀራል። ይህን በግምት ሳይሆን ሞተሩንና ሴንሰሩን በደረጃ በመለያየት እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ፣ የሞተሩን ሽቦ ነቅለን ያንኑ ፕሮግራም ግማሽ ሰዓት እናሠራው። እዚህም ከቆመ ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ ወደ ሽቦውና ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ። ካልቆመ፣ ሞተሩን ከሌላ ባትሪ ኃይል ሰጥተን ግራውንዶቹን ብቻ በማገናኘት እንሞክር። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ በጋራ ኃይሉ ላይ ነው። ካልጠፋ ደግሞ ሞተሩ የሚያወጣው ረብሻ ወደ መልእክት ሽቦዎቹ እየገባ ነው።

በጋራ ኃይሉ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ መንስኤው ይህ ነው። የዲሲ ሞተር ሲነሣ ወይም አቅጣጫውን ድንገት ሲቀይር ከተለመደው እጅግ የበለጠ ኮረንት ይስባል። ሚዛን የሚጠብቅ ሮቦት ደግሞ በየሰከንዱ አቅጣጫ የሚቀይር ነው። የባትሪው ቮልቴጅ በዚያች ቅጽበት ይወርዳል። አርዱዪኖና ሴንሰሩ 5 ቮልታቸውን የሚያገኙት ኤል298ኤን በተባለው የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በኩል ከሆነ፣ መውረዱ በቀጥታ ይደርሳቸዋል። መልቲሜትር ዘገምተኛ ስለሆነ ይህን ቅጽበታዊ መውረድ ላያሳየን ይችላል። በላቦራቶሪ ኦሲሎስኮፕ ካለ በሴንሰሩ ቪሲሲ ላይ አድርገን እንየው። ለሞተሩ ኃይል ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ከ470 እስከ 1,000 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ማኖር፣ ለአርዱዪኖ ደግሞ የራሱ የቮልቴጅ ማስተካከያ መስጠት ይረዳል። የካፓሲተሩን አሉታዊና አዎንታዊ ጫፍ አለማቀያየርና የሚችለው ቮልቴጅ ከባትሪው በላይ መሆኑን ማየት ግዴታ ነው።

ረብሻ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ብሩሽ ያለው ሞተር በውስጡ ያለማቋረጥ ትንንሽ ብልጭታ ይፈጥራል። በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር መበየድ ረብሻውን ከምንጩ ይቀንሰዋል። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ መጠምዘዝ፣ የሴንሰሩን ሽቦ ማሳጠርና ከሞተሩ ሽቦ ማራቅም ይረዳል። ግራውንድን በተመለከተ፣ የሞተሩ ኮረንት በሴንሰሩ የግራውንድ ሽቦ በኩል እንዳያልፍ ሁለቱም ለየብቻ ሄደው ባትሪው አጠገብ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ።

አንድ የተደበቀ ድክመትም አለ። የጂዋይ-521 ሰሌዳ መስመሮቹን ወደ 3.3 ቮልት ይስባል። በ5 ቮልት የሚሠራው ኡኖ ግን በአይቱሲ ደንብ «ከፍ ያለ» ብሎ ለመቁጠር የአቅርቦቱን 70 በመቶ፣ ማለትም 3.5 ቮልት ይፈልጋል። በተግባር ይሠራል፤ ነገር ግን ለረብሻ የሚተርፍ ቦታ የለውም። በመካከላቸው የቮልቴጅ ደረጃ መቀየሪያ ማስገባት ወይም በ3.3 ቮልት የሚሠራ መቆጣጠሪያ መጠቀም ይህን ክፍተት ይሞላዋል።

ፕሮግራሙ «አላውቅም» ማለት ይልመድ

ሽቦውን አስተካከልን፣ ካፓሲተሩን ጨመርን እንበል። ይህም ሆኖ ሴንሰሩ አንድ ቀን ዝም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? የሚለው ሳይመለስ ሥራው አለቀ አይባልም።

በእያንዳንዱ ዙር ላይብረሪው የመለሰው ቁጥር ዜሮ መሆኑን፣ የጠየቅናቸው 14 ባይቶች በሙሉ መምጣታቸውን፣ የስበቱ መጠን ምክንያታዊ መሆኑን፣ ቁጥሩም አለመድረቁን ፕሮግራሙ ይመርምር። ከእነዚህ አንዱ ለአምስት ተከታታይ ዙሮች ከጎደለ ሞተሩን ያቁም። ካቆመ በኋላ መስመሩን ያስለቅቅ፣ ሴንሰሩን ይቀስቅስ፣ እንደገና ይሞክር። በሞተር መዞር ላይ ሆኖ አይሞክር። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ ራሱ ቢታነቅ ቺፑን እንደገና የሚያስነሣውን ዎችዶግ የተባለ የውስጥ ጠባቂ እናብራ። የቆየ ቡትሎደር ባላቸው አንዳንድ የአርዱዪኖ ናኖ ሰሌዳዎች ላይ ግን ይህ ጠባቂ ማለቂያ የሌለው ዳግም መነሣት ውስጥ ሊከት ስለሚችል አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ይህ ለአሻንጉሊት የሚበዛ ሊመስል ይችላል። ነገ ግን ከእኛ መካከል የሆስፒታል መሣሪያ ወይም የፋብሪካ ማሽን የሚሠራ ይኖራል፣ ኢንሻአላህ። የማያውቀውን ሳያውቅ ሥራውን የሚቀጥል ማሽን እዚያ የሚያደርሰው ጉዳት ከጠረጴዛ ላይ መውደቅ አይሆንም። ልማዱ የሚያዘው ዛሬ፣ በትንሹ ሮቦት ላይ ነው።

በእርግጥ ተቃጥሎ እንደሆነስ?

ይህን ለማወቅ ሴንሰሩን ከሮቦቱ አውጥተን በአራት አጫጭር ሽቦዎች ብቻ ከአንድ አርዱዪኖ ጋር እናገናኘውና ሬጅስተር 117ን እናንብብ። ይህ ሬጅስተር የሴንሰሩ መታወቂያ ነው። ኤምፒዩ-6050 አድራሻው 105 ቢሆንም እንኳ እዚህ ላይ 104 ብሎ ይመልሳል። 112 ካለ በሰሌዳው ላይ ያለው ኤምፒዩ-6500 ነው፤ የተለየ ቺፕ እንጂ የሞተ ቺፕ አይደለም። አንዳንድ ላይብረሪዎች 104 ካላገኙ «ሴንሰር የለም» ስለሚሉ ስንቱ ጤነኛ ሰሌዳ ሳይበደል ተጥሏል። በሌላ ጤነኛ አርዱዪኖና በሌሎች ሽቦዎች ተሞክሮ፣ በ104ም በ105ም ተጠርቶ ምንም ካልመለሰ ብቻ «ተቃጥሏል» እንበል። ያን ጊዜም አዲሱን ከመግጠማችን በፊት ምን እንዳቃጠለው እንፈልግ፤ ካልሆነ አዲሱም የአሮጌውን መንገድ ይከተላል።

በመጨረሻም

በመድረሳ የተማርን ሁሉ እናስታውሳለን፤ ተማሪ ሲቀራ ቢሳሳት ኡስታዙ ሱራውን ሙሉ እንደገና አያስጀምሩትም። በትክክል ወዳነበበው የመጨረሻ ቦታ ይመልሱትና ከዚያ ያስቀጥሉታል። ስሕተቱ ያለው በዚያ ቦታና በተሳሳተበት መካከል ነውና። የሰርኪዩት ምርመራም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው በትክክል የሠራ ሁኔታ የቱ ነው? ከዚያ ወዲህ ምን ተጨመረ? ሞተር? ረጅም ሽቦ? አዲስ የፕሮግራም ክፍል? ወደዚያ ተመልሰን አንድ በአንድ እንጨምር።

አንድ በአንድ ማለታችን ለይስሙላ አይደለም። ካፓሲተሩንም ሽቦውንም ፕሮግራሙንም ባንድ ቀን ቀይረን ሮቦቱ ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው አናውቅም፤ ዳግም ቢቆምም ከዜሮ እንጀምራለን። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር። ቀኑ፣ የተቀየረው አንድ ነገር፣ ሮቦቱ ስንት ደቂቃ እንደሠራ፣ ሲቆም ከአራቱ ዝምታዎች የትኛው እንደታየ ይጻፍበት። ያ ደብተር በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡ ወንድሞችና እህቶች ከሮቦቱ የበለጠ ቅርስ ይሆናል።

ሴንሰር ለመግዛት ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት እንግዲህ መልቲሜትርና ትዕግሥት እናዋጣ። አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይጨምርልን።